ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ መብራት መሥራት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ዕቅዱ

እጄ ላይ አራት አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች አሉ። ሁሉም «ሞተዋል» ተብለው የተቀመጡ ናቸው። ግን የላፕቶፕ ባትሪ ሞተ ሲባል ብዙ ጊዜ የደከመው ከውስጡ አንዱ ወይም ሁለቱ ሴል (ተያይዘው ባትሪውን ከሚሠሩት ትንንሽ ባትሪዎች አንዱ) ነው። የቀሩት ገና ይሠራሉ። ሐሳቤ ደህናዎቹን ለይቼ ለ12 ቮልት የኤልኢዲ መብራት የሚሆን ጥቅል መሥራት ነው። ዘጠኝ ጥሩ ሴል ካገኘሁ ይበቃኛል።

ሴሎቹ 18650 የሚባሉት ናቸው፤ ወርዳቸው 18፣ ቁመታቸው 65 ሚሊሜትር። ሙሉ ቻርጅ ሲሆኑ 4.2 ቮልት ያሳያሉ። አዲስ እያሉ እያንዳንዳቸው 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዙ ነበር፤ ወደ 8 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በዝግታ ሲወጣ መብራት ነው። በአንድ ጊዜ ግንፍል ብሎ ሲወጣ ግን እሳት ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ራሱ ተቀጣጣይ ነው።

እዚህ ከመብራቱ ይበልጥ የማተኩረው አመራረጡ ላይ ነው። የፈነዳ ወይም ያፈሰሰ ሴል ማንም አይቶ ይሸሸዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ደህና መስሎ፣ ቮልቱም አምሮ ጥቅሉ ውስጥ የሚገባው ነው። እሱን የሚያጋልጠው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ከመጀመሪያው ቀስ ብሎ እንዲሄድ ነው የታሰበው።

ቦታ ማዘጋጀት

የምሠራው ሴራሚክ ወለል ላይ፣ መስኮት ሥር ነው። መጋረጃውን አውልቄያለሁ። ወረቀት፣ ጨርቅ፣ አልኮል የሚባል ነገር አጠገቤ የለም። በስተቀኜ የአሸዋ ባልዲ፣ በስተግራዬ የውሃ ባልዲ አለ። በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ባዶው ሲሚንቶ ላይ ክዳን የሌለው ትልቅ ጣሳ ተቀምጧል። የሚያጠራጥር ሴል የሚሄደው እዚያ ነው።

ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። የአንድ ደህና ሴል የውስጥ ሬዚስታንስ 60 ሚሊኦም ገደማ ነው። ሙሉ ቻርጅ ሆኖ በቀለበት ሾርት ቢያደርግ፣ ማለትም ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ በቀጥታ ቢገናኙ፣ ለቅጽበት ወደ 70 አምፔር ሊነዳ ይችላል ማለት ነው። ቀለበቱ ጣታችሁ ላይ እያለ ይግላል። መነፅር ዓይን ላይ፣ የናይትራይል ጓንት እጅ ላይ ይሁን።

ስለ ውሃው ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። «ሊቲየም በውሃ አይነካም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ያ የሚሠራው ለንጹሕ ሊቲየም ብረት ነው። ደግመው ቻርጅ የሚደረጉት ሊቲየም አዮን ባትሪዎች ውስጥ ሊቲየሙ ያለው በአዮን መልክ ስለሆነ ውሃ ለእነሱ ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው። ዱቄትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ማጥፊያ ነበልባሉን ያጠፋሉ፤ የሴሉን የውስጥ ሙቀት ግን አያወርዱም። ጠፋ የተባለ ባትሪ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ የሚነሳው ለዚህ ነው። አሸዋውም ብልጭታውን ይይዛል እንጂ አያቀዘቅዝም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ነጠላ ሴል ነው። ሙሉ ጥቅል ከተቀጣጠለ አልታገለውም። መውጣት፣ በሩን መዝጋት፣ እሳት አደጋ መጥራት። ምክንያቱ ጭሱ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት፦ መክፈት

ከመንካቴ በፊት አራቱንም በቴስተር ለካሁ፣ አገላበጥኩ፣ አሸተትኩ። ቅርፁ የተበላሸ የለም።

የፕላስቲክ ቤቱ የሚከፈተው በመጋጠሚያው በኩል ነው። ስለታማ ካቻቪቴ ወግቶ መፈልቀቅ አያስፈልግም፤ ጫፉ ሁለት ሚሊሜትር ካለፈ ሴል ላይ ነው የሚያርፈው። ጠርዙን በጣት ጫን ጫን አድርጎ ማላላት፣ ከዚያ የፕላስቲክ ሽብልቅ አስገብቶ በመጋጠሚያው ላይ መንዳት። ጊዜ ይወስዳል። ይውሰድ።

ውስጡ ስድስት ሴሎች በኒኬል ጥብጣብ ተያይዘው ተኝተዋል። የምቆርጠው አንድ በአንድ ነው። ፒንሳ ብረት ስለሆነ ሁለት ጥብጣብ አብሮ ከነከሰ ራሱ ሾርት ይሆናል። አንዱን ከቆረጥኩ በኋላ ጫፉን ወዲያው በናስትሮ እሸፍናለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው።

እዚህ ላይ አንድ ሴል አንስታችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩልኝ። ቆርቆሮው በሙሉ፣ ከታች እስከ ላይኛው ከንፈር ድረስ፣ ኔጋቲቭ ነው። ፖዘቲቩ መሐል ላይ ያለችው ጉብታ ብቻ ናት። በጉብታውና በከንፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ከጥፍር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። ሁለቱን የሚለያቸው ከሥር አንድ የፕላስቲክ ማኅተም፣ ከላይ አንድ ክብ ወረቀትና ያ ባለ ቀለም ስስ ልባስ ናቸው። ልባሱ እዚያ ጋ ትንሽ ከተቀደደና ጥብጣቡ ከንፈሩን ከነካ ሾርት ነው። ስለዚህ ጥብጣቡን ስልጥ የምጎትተው ከመሐል ወደ ውጭ ሳይሆን ከጎን ወደ ጎን እየጠቀለልኩ ነው። ከዚያ የእያንዳንዱን ትከሻ በአጉሊ መነፅር አያለሁ። ልባሱ የተጫረ ሁሉ አዲስ ክብ ወረቀትና አዲስ ልባስ ይለብሳል።

አንዱ ሴል ከድሮም ጎኑ ጎርበጥ ያለ ነው። ቮልቱ ደህና ነው፤ ግን ውስጡ የተጠቀለሉት ቅጠሎች እንዴት እንደተጫኑ ከውጭ ማወቅ አይቻልም። ወደ ጣሳው ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ሽታው

ሦስተኛውን ባትሪ ስከፍት ጣፈጥ ያለ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ መጣ። እጄን አነሳሁ፣ ከክፍሉ ወጣሁ፣ ክፍሉ በደንብ እስኪናፈስ ጠበቅኩ። ስመለስ አንዱ ሴል ፖዘቲቩ ዙሪያ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ጥብጣቡ ላይ ነጣ ያለ ዝገት አለ። አፍስሷል።

ይህ ፈሳሽ ኤሌክትሮላይቱ ነው፤ ካርቦኔት በሚባሉ ኦርጋኒክ ፈሳሾች ውስጥ የሟሟ ሊቲየም ሄክሳፍሎሮፎስፌት የተባለ ጨው። ጨው የተባለው የወጥ ጨው አይምሰላችሁ። እርጥበት ሲያገኝ፣ የአየር ወይም የላብ እርጥበት እንኳ ቢሆን፣ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይፈጥራል። እሱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቆዳን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከሰውነት ካልሲየም ጋር ይጣበቃል፣ እስከ አጥንት ሊጎዳ ይችላል። መጠኑ ትንሽ ከሆነ ሕመሙ ወዲያው ላይሰማ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚነሳው። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ቆዳ ከነካ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ በሚወርድ ውሃ በብዛት ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ መሄድ። ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ የዓይን ቆቡን ከፍቶ፣ ሳያሹ ማጠብ። ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ «ባትሪ ነካኝ» ብላችሁ ብቻ አትቁሙ፤ «ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ሊኖረው የሚችል ፈሳሽ ነው» በሉ። ለዚህ ቃጠሎ ካልሲየም ግሉኮኔት የተባለ የተለየ ጄል አለ፤ ሕክምናው ከተለመደው የቃጠሎ ሕክምና ይለያል።

ሴሉን በረጅም መቆንጠጫ አንስቼ በደረቅ አሸዋ የተሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገባሁት፤ ውጭ ተቀመጠ። ያበሰበሰበትን ቦታ በጓንት ጠረግኩ፣ ጓንቱንም መጥረጊያውንም ለብቻ አሽጌ አወጣሁ።

ቆርቆሮውን ቆርጦ ውስጡን ለማየት የሚጓጓ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። ከፈሳሹ ሌላ ውስጡ ያለው ጥቁር ዱቄት ኒኬልና ኮባልት የያዘ ነው። ያ ዱቄት ወደ ሳንባ መግባት የለበትም።

ጭሱ

ሴል ሲግል ምን እንደሚሆን ማወቅ ለጥንቃቄው ምክንያት ይሰጣል። ውስጡ ከ80 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ኔጋቲቩ ላይ ያለው ስስ መከላከያ ሽፋን መፍረስ ይጀምራል። በ130 ገደማ ሁለቱን ወገን የሚለየው የፖሊኢትሊን ቅጠል ይቀልጣል። ከዚያ ሴሉ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ያደርጋል፣ ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል። ኮባልት ያለበት ፖዘቲቭ ደግሞ ሲግል ኦክሲጅን ይለቃል። አፍኖ ማጥፋት የሚከብደው እሳቱ የሚያነደውን አየር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ነው። የብረት ፎስፌት ዓይነቶቹ፣ ኤልኤፍፒ የሚባሉት፣ በዚህ በኩል ረጋ ያሉ ናቸው።

የሚወጣው ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን፣ የፈሳሹ ተን እና ያው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት ከሚቃጠሉ ሊቲየም አዮን ባትሪዎች በአንድ ዋት ሰዓት ከ20 እስከ 200 ሚሊግራም ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ለክቷል። አንድ የላፕቶፕ ባትሪ 50 ዋት ሰዓት ቢሆን ከ1 እስከ 10 ግራም ነው። አየር ውስጥ 30 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 30 እጅ) ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ተብሎ ለሚመደብ ጋዝ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህ ብዙ ነው። ጭሱን የተነፈሰ ሰው ጉሮሮው ባይቆጠቁጠውም መታየት አለበት። ሳንባ ውስጥ ውሃ መቋጠር ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።

ሲስ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የሴሉ መተንፈሻ ተከፍቷል ማለት ነው። ያኔ ማየት የለም፤ መውጣት ነው።

እሁድ፦ ቮልትና ክብደት

የቀሩትን አንድ በአንድ ለካሁ። አብዛኞቹ ከ3.2 እስከ 3.8 ቮልት ናቸው። የአንደኛው ባትሪ ስድስቱም ሴሎች ግን ከ2 ቮልት በታች ናቸው፤ አንዱማ 0.9 ነው። ስድስቱንም አስወጣኋቸው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያሉትን «አነቃቅቶ» ቻርጅ ያደርጋል። ይሞላሉም። ችግሩ ሌላ ነው። ሴል ከልክ በላይ ሲወርድ የኔጋቲቩ የመዳብ ቅጠል ፈሳሹ ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። ደግሞ ቻርጅ ሲደረግ ያ መዳብ ያለቦታው ይጋገራል፣ ወደ ፖዘቲቩም ሊሻገር ይችላል። ቮልቱ 4.2 ሲያሳይ ሴሉ ውስጥ ሾርት እየተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ደህና መስሎ የሚገባው ያልኳችሁ ይህን ነው።

ቀጥሎ ሚዛን። እውነተኛ 18650 ከ45 ግራም ብዙም አይርቅም። የእኔዎቹ በሙሉ 44 እና 47 መካከል ናቸው። «9900 ሚሊአምፔር» ተብሎ የተጻፈበት ሴል ካጋጠማችሁ ውሸት ነው፤ በዚህ መጠን ያለ እውነተኛ ሴል ወደዚያ አቅም አይጠጋም። ቀለል ያለ ሴል ከሆነ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።

ሚዛኗ የምትሠራው ሲአር2032 በምትባለው የሳንቲም ባትሪ ነው፤ እሷን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቤት ውስጥ ካሉት የሊቲየም ባትሪዎች ለሕፃን ከሁሉ አደገኛዋ እሷ ናት። 20 ሚሊሜትር ስለሆነች የልጅ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅራ ትቀራለች። በምራቁ ውስጥ ከረንት ታስተላልፍና አጠገቧ ያለውን ሥጋ እንደ ኮስቲክ ሶዳ ታቃጥለዋለች። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። ልጅ ውጧታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲያስታውክ ማድረግ የለም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነና ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ በመንገድ ላይ 2 የሻይ ማንኪያ ማር በየ10 ደቂቃው፣ እስከ 6 ጊዜ መስጠት ጉዳቱን ያዘገያል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ማር አይሰጥም። ማር ፍለጋ ተብሎ ግን ጉዞው አይዘገይ። የባትሪ ክዳኑ በብሎን የማይታሰር ዕቃ ካለ ክዳኑን በናስትሮ እሰሩት።

ቻርጅ

ለሊቲየም አዮን ብቻ በተሠራ ቻርጀር፣ በዝግታ፣ በ0.5 አምፔር። ከ3 ቮልት በታች ሆነው የተገኙትን ከዚያም ቀነስ አድርጌ ጀመርኩላቸው። ቻርጅ ላይ እያሉ ከክፍሉ አልወጣም። በየተወሰነ ጊዜው በእጄ ጀርባ እነካቸዋለሁ።

ደህና ሴል መጨረሻው ላይ ይቀዘቅዛል፤ 4.2 ሲደርስ የሚገባው ከረንት እየቀነሰ ይመጣልና። አንዱ አልቀዘቀዘም። ሌሎቹ ጨርሰው እሱ ገና ለብ ብሎ ከረንት ይጠጣል። የሚገባው ኃይል በሙቀት እየወጣ ነው። ነቀልኩት፣ ወደ ጣሳው።

ክፍሉ በጣም ከቀዘቀዘ አለማስጀመር ነው። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ የተደረገ ሴል ውስጥ ሊቲየሙ ወደ ኔጋቲቩ ከመግባት ይልቅ በብረት መልክ ላዩ ላይ ይጋገራል። እሱም የሾርት ዘር ነው።

አቅማቸውን የለካሁት ሞልቼ በ0.5 አምፔር እስከ 2.8 ቮልት በማውረድ ነው። አብዛኞቹ ከ1800 በላይ ሰጡ። 1500 ያልደረሱት ሦስቱ ቀሩ።

መጠበቅ

አሁን ሁሉንም ሞልቼ፣ ቮልታቸውን ጀርባቸው ላይ ጽፌ፣ ተለያይተው እንዲቆሙ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ሳምንት። ምንም አይነካቸውም።

ይህ ከሥራው ሁሉ ብዙ የሚያስተምር ክፍል ነው። ብዙዎች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። እኔ መዝለል የማልችለው በሌላ በምንም መለኪያ ስለማይተካ ነው። ውስጡ ቀጭን ሾርት ያለበት ሴል ዛሬ ሲለካ 4.18 ያሳያል። ነገም 4.17። ለሳምንታት ሲተው ግን ይከዳል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለካሁ። አሥሩ 4.15 እና 4.16 ላይ ቆመዋል። ሁለቱ 4.02 እና 3.94። አቅማቸው ከሁሉም የተሻለ የነበረው አንደኛው ከእነሱ ውስጥ ነው። ሞቶ የሚታይ ነገር የለውም፤ ቆንጆ ልባስ፣ ጥሩ ክብደት፣ ቻርጅ ላይ ቀዝቃዛ። ቢሆንም አይገባም።

ጥቅሉ

ዘጠኙን መርጫለሁ፤ አሥረኛው መጠባበቂያ ነው። ከመበየዴ በፊት ሁሉንም ወደ 3.5 ቮልት አወረድኳቸው። ቻርጁ ዝቅ ያለ ሴል አደጋ ቢደርስበት እንኳ ጉልበቱ ያነሰ ነው። ለብቻው በአውሮፕላን የሚጫን ሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ከ30 በመቶ በላይ ቻርጅ እንዳይኖረው የተደነገገው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሦስት ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ይያያዛሉ፣ ሦስቱ ረድፍ ደግሞ በተከታታይ። ጎን ለጎን ከማያያዝ በፊት ቮልታቸው እኩል መሆን አለበት፤ ልዩነቱ ከ0.05 እንዲያልፍ አልፈቀድኩም። አንዱ 4.1፣ ሌላው 3.5 ሆኖ ቢገናኙ 5 አምፔር ገደማ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ የሚያቆመውም ነገር የለም።

የኒኬል ጥብጣቡን ያያያዝኩት በስፖት ዌልዲንግ፣ ማለትም በቅጽበታዊ ከረንት ነጥብ ነጥብ አድርጎ በመበየድ ነው። በመበየጃ ብረት ሴሉ ላይ በቀጥታ መበየድ ማኅተሙንና የውስጡን ቅጠል ያሞቃል። ስፖቱ የሚነካው ለሚሊሰከንዶች ብቻ ነው።

ቢኤምኤስ የሚባለውን መቆጣጠሪያ ቦርድ ከማገናኘቴ በፊት ገመዶቹን ለካሁ፤ 3.5፣ 7.0፣ 10.5። በቅደም ተከተላቸው ናቸው። ቦርዱ ከመጠን በላይ መሙላትን፣ ከመጠን በላይ መውረድንና ሾርትን ይቆርጣል። ሴል ውስጥ የሚፈጠረውን ሾርት ግን አያየውም። ከላይ ያለው ልፋት ሁሉ ለእሱ ነበር። ፖዘቲቩ መውጫ ላይ 5 አምፔር ፊውዝ ጨመርኩ፣ ጥቅሉን መተንፈሻ ባለው የብረት ሳጥን ውስጥ፣ በማይነድ ሰሌዳ ለይቼ አስቀመጥኩት።

የተጣሉት

የወደቁት ሁሉ ጫፍና ጫፋቸው በናስትሮ ተሸፍኖ፣ ሳይነካኩ፣ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ናቸው። ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ «መግደል» የሚመክሩ አሉ። ፖዘቲቩን ያዝገዋል፣ ማኅተሙን ይበላዋል፣ ፈሳሹ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ሃይድሮጅንም ይፈልቃል። ውስጡ ባዶ መሆኑንም አታውቁም። ጤነኛ ቅርፅ ያላቸውን በትንሽ አምፖል አወረድኳቸው። የጎረበጠውንና ያፈሰሰውን አልነካሁም።

ከቤት ቆሻሻ ጋር አይሄዱም። የቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቁ እሳት ያስነሳሉ፤ እሳቱ የሚያገኘው ሠራተኞቹን ነው። ባትሪ የሚቀበል ቦታ እስካደርስ ድረስ ውጭ ይቆያሉ። ያበጠ የስልክ ባትሪም እዚያው ተጨምሯል። እብጠቱ ፈሳሹ ሲበሰብስ የወጣ ጋዝ ነው፤ በመርፌ ቢወጋ ጋዙ ብቻ አይደለም የሚወጣው። አይጫን፣ አይወጋ፣ ቻርጅ አይደረግ።

የመጀመሪያው ማታ

10 ዋት መብራት አሰርኩበት። ሙሉ ቻርጅ ከሆነበት 12.6 ቮልት ተነስቶ 9.3 እስኪደርስ 5 ሰዓት ተኩል ያህል አበራ። ሳጥኑ ከክፍሉ ሙቀት በእጅ የሚለይ ሙቀት አልነበረውም። ሦስቱ ረድፍ መጨረሻ ላይ 3.11፣ 3.10፣ 3.11 ነበሩ።

ቻርጅ የማደርገው ነቅቼ፣ ቤት ውስጥ ሆኜ ነው፤ ሳጥኑም ከመኝታና ከመውጫ በር ርቆ ይቀመጣል። በየወሩ ሦስቱን ረድፍ እለካለሁ። አንዱ ከሌሎቹ ከ0.05 ቮልት በላይ ወርዶ ካገኘሁት ጥቅሉን እፈታለሁ፣ የዚያ ረድፍ ሴሎችም እንደገና ለሁለት ሳምንት ለየብቻቸው ይቀመጣሉ።